ጠቃሽ ሁሉ ምስክር አይደለም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ላብራቶሪው ባዘጋጀልኝ ግብዣ ላይ፣ ኬኩ ከመቆረሱ በፊት አለቃዬ መብራቱን አጠፋና ስሜን ግድግዳው ላይ አበራው። ከሥሩ ስሜ ያለባቸው የጥናት ጽሑፎች ተደርድረዋል፤ ከነሱ ሥር ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች እነዚህን ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደጠቀሱ የሚናገር፣ ከሌላው ሁሉ የገዘፈ አንድ ቁጥር ነበር። ሰው አጨበጨበ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምን እንደምሠራ በቅጡ ያልገባት ባለቤቴ ዘይነባ እንኳ ብድግ ብላ አጨበጨበች። እኔ ግን ቁጥሩን ሳይ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ይኼ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?» የሚል ነበር።

እንዲህ ነኝ እንግዲህ። ደሴ ሳለን እናቴ «ይኼ ልጅ ጥላውንም አያምን» ትለኝ ነበር። ጎረቤት ምግብ ሲልክልን እንኳ ለምን እንደላከ የምጠይቅ ልጅ ነበርኩ። በሰው መሀል ይህ ጠባይ አያስወድድም፤ ዘይነባ ይህንን ከማንም በላይ ታውቃለች። በሙያዬ ግን እንጀራ በላሁበት። ሞለኪዩላር ባዮሎጂ ውስጥ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።

ሥራውን የጀመርኩት ዕቃ በማጠብ ነው። አገር ቤት ባዮሎጂ ተምሬ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ሲያትል ስገባ ግን ዲግሪዬን ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው አልነበረም። ኤርፖርት ሻንጣ ስጭን ከርሜ፣ ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው የሲያትል ሰፈር የሚኖር አንድ ወዳጄ የምርምር ተቋም ውስጥ ዕቃ አጣቢ እንደሚፈለግ ነገረኝ። ክፍያው ከኤርፖርቱ ያንስ ነበር። ዘይነባ አብዷል አለች። እኔ ማይክሮስኮፕ ያለበት ክፍል ውስጥ መግባቱ ብቻ ይበቃኝ ነበርና ሄድኩ።

የላብራቶሪው ኃላፊ ሩት የምትባል፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽበቷን በእርሳስ ጠቅልላ የምታስር ሴት ነበረች። ዶክተር ሳልል በባዶ ስሟ ለመጥራት አፌ እሺ እስኪለኝ አንድ ዓመት ፈጅቷል። የሥራችን ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሴሎችን ሰሃን ላይ ታሳድጋለህ፣ ከውስጣቸው አንዱን ጂን ትዘጋለህ፣ ከዚያ ምን እንደሚሆኑ ቁጭ ብለህ ታያለህ። ሴሎቹ የሚመገቡት ቀይ ፈሳሽ አለ፤ ሚዲያ እንለዋለን። ይህን ያህል ካወቃችሁ የቀረውን ትከተሉኛላችሁ።

በገባሁ በአራተኛው ወር ሴሎቹ መሞት ጀመሩ። ተመራማሪዎቹ እርስ በርስ ተወነጃጀሉ፤ አንዱ ሚዲያውን ያማል፣ አንዱ ማሞቂያውን፣ አንዱ የጎረቤቱን እጅ። እኔ የጠረጠርኩት ሳሙናውን ነው። ሴሎቹ መሞት ከመጀመራቸው ከአንድ ሳምንት በፊት ተቋሙ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቀይሮ ነበር፤ ይህን ያወቀው ደግሞ አጣቢው ብቻ ነው። አዲሱ ሳሙና ሦስት ጊዜ ካለቀለቅከው በኋላም ጣትህን ብርጭቆው ላይ ስታሳልፍ ያሟልጫል። አምስት ጠርሙስ በድሮው፣ አምስት በአዲሱ አጠብኩና ሩት ቢሮ ገብቼ ነገርኳት። ስቃ የምትመልሰኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ተነስታ ጠርሙሶቹ ላይ የጻፍኩትን በፕላስተር ሸፈነች፤ በላዩ ቁጥር ሰጠች፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ሰው ሴል እንዲያሳድግባቸው አደረገች። እኔንም እንዳላይ ከለከለችኝ። በሳምንቱ ፕላስተሩ ሲነሳ፣ በአዲሱ ሳሙና በታጠቡት ውስጥ አንድም የተረፈ ሴል አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ለማጠቢያው ሌላ ሰው ተቀጠረና ለእኔ የተመራማሪዎቹ ጠረጴዛ ላይ ቦታ ተሰጠኝ።

ከሩት የተማርኩት ልማድ ነው፤ እውቀቱማ መጽሐፍ ላይ አለ። ውጤት ከማየትህ በፊት ምን እንደምትጠብቅ ጽፈህ እንድትፈርም ታደርጋለች፤ ኋላ «ድሮም አውቄው ነበር» እንዳትል። የሰው ጽሑፍ ስታነብ የመጀመሪያውን ገጽ አናት ወደ ኋላ ታጥፈዋለች፤ የጸሐፊዎቹ ስም እንዳይታያት። ምክንያቱን ብጠይቃት፣ ትልቅ ስም ካየች ስህተቱን እንደምታልፍ፣ የማታውቀው ስም ካየች ደግሞ የሌለ ስህተት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ከሁሉ በላይ የማትደራደርበት ግን የጠርሙስ ደንቧ ነበር። እያንዳንዱ የሴል ዓይነት ስሙ በቀይ የተጻፈበት የራሱ የሚዲያ ጠርሙስ አለው፤ ከአንዱ ጠርሙስ ለሌላው አይቀዳም። አንዳንድ ሴል ደካማ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። አንዳንዱ ደግሞ አረም ነው። በአንዲት ጠብታ ውስጥ የገባ ጠንካራ ሴል በጥቂት ሳምንት ውስጥ ደካማውን ከሰሃኑ ያጠፋዋል፤ አንተ ግን በማይክሮስኮፕ እያየህም ላታውቅ ትችላለህ።

አንድ ትእዛዟን አላከበርኩም። የሥራ ደብተራችን ማንም አንስቶ ሊያነበው የሚችል መሆን ነበረበት። አንድ ቀን ከምሳ ስመለስ ከሌላ ላብራቶሪ የመጣ እንግዳ ተመራማሪ ደብተሬን ሲያገላብጥ አገኘሁት። እስክሪብቶ እየፈለግኩ ነው አለኝ። እስክሪብቶ ደብተር ውስጥ ይበቅላል እንዴ? እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዋናውን በእንግሊዝኛ እየጻፍኩ፣ ጠርዝ ላይ የማሰፍረውን ሁሉ፣ ጥርጣሬዬን፣ የሳትኩትን፣ ነገ ልሞክረው ያሰብኩትን፣ በአማርኛ አደረግኩት። ሩት አይታ ምን ይላል ብትለኝ የቤት ጉዳይ ነው ብዬ ዋሸኋት። ሰው ሊያነበው የማይችለውን ነገር ሰው ሊመረምረው አይችልም አለችኝና ተወችው። እኔ ግን አልተውኩም።

በዚያ ላብራቶሪ አማርኛ የሚያነብ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጋሽ ተክሌ። ወላጆቻቸው ከኤርትራ ናቸው፣ እሳቸው ያደጉት አዲስ አበባ ነው፤ በዕድሜ አሥር ዓመት ይበልጡኛል፤ አሜሪካም ከእኔ በፊት ብዙ ኖረዋል። ጨዋታ አዋቂ፣ ሲጽፉ ደግሞ እንግሊዞቹን የሚያስንቁ ሰው ናቸው። አንድ ላይ የሠራነው ጥናት ሐሳቡ የሳቸው ነበር፤ ጽሑፉም የሳቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰሃኑ ላይ የተጎነበሰው ወገብ ግን የኔ ነው። ያገኘነው ነገር ቀላል አልነበረም። ምግብ ሲያጡ መሞት የነበረባቸው ደካማ ሴሎች፣ አንድ ጂን ስንዘጋባቸው አልሞቱም። ሩት ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ሦስቴም አልሞቱም።

ጽሑፉ ሲያልቅ የስም ቅደም ተከተል መጣ። በኛ ሙያ መጀመሪያ የሚጻፈው ስም የሥራው ባለቤት ነው፤ መጨረሻ ላይ የላብራቶሪው ኃላፊ ይቀመጣል። መሀል ያለው ሰው ሌላው ዓለም ሲጠቅሰው «እና ሌሎች» ተብሎ ይታለፋል። ሩት ሁለታችሁ ተስማሙ ብላ ለኛ ተወችው። ኮሪደር ላይ ተገናኘንና ጋሽ ተክሌ እንዴት እናድርግ አሉኝ።

አሁን በር ላይ ሁለት የኛ ሰዎች ሲገናኙ የሚሆነውን አስቡት። ይቅደሙ ይላል አንዱ። ኧረ አንተ ቅደም ይላል ሌላው። እርስዎ እያሉማ አይሆንም። በሞቴ፣ እኔ ልሙት። ሦስት ዙር ካልተካሄደ ማንም አይገባም። እኔም በዚሁ ደንብ «ይቅደሙ እንጂ ጋሽ ተክሌ፤ እርስዎ እያሉ እኔ ፊት ልሆን ነው?» አልኩ። ከልቤ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ዙር ነበር። ሁለተኛውን ስጠብቅ፣ ጋሽ ተክሌ «ኦኬ፣ ካልክ» ብለው ወረቀቱን ይዘው ሄዱ።

ወይ ጉዴ! ኮሪደሩ ላይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሄጄ እንዳልመልሰው ቃሌ ወጥቷል፤ ይሉኝታው አለ። በማግስቱ ደግሞ ጋሽ ተክሌ ሩት ቢሮ ገብተው፣ በር ዘግተው፣ ግማሽ ሰዓት ሲያወሩ አየኋቸው። ሲወጡ ዓይኔን አላዩኝም። በቃ፣ ያኔ ልቤ ውስጥ መዝገብ ተከፈተ። ቀድመው ዶልተዋል፤ ይሉኝታዬን አውቀው ነው ኮሪደር ላይ የጠየቁኝ፤ ቢሮ ውስጥም ይህንኑ ሊያጸድቁ ነው የገቡት አልኩ። ጽሑፉ ወጣ። ዓለም «ተክሌ እና ሌሎች» እያለ ጠቀሰው። በዓመቱ ሌላ ተቋም በትልቅ ማዕረግ ወሰዳቸው፤ እኔ ከ«ሌሎች» ጋር ሩት ዘንድ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ የምንገናኘው ለቅሶ ቤትና ሠርግ ላይ ነበር። አንቱታዬን አላነሳሁም፤ ሰላምታዬን ግን ሳሳጥረው፣ ሳሳጥረው፣ ራስ መነቅነቅ ብቻ ቀረ።

ሩት ጡረታ ወጣች፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም አረፈች። የተካት አለቃ፣ ያው ግድግዳው ላይ ስሜን ያበራው፣ የሚኖረው በቁጥር ነው። ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የሚከፍተው ስንት ሰው እንደጠቀሰው የሚያሳየውን ገጽ ነው። አዲስ ጽሑፍ ስንልክ የሱ የቆዩ ሥራዎች ቢያንስ አምስት ቦታ መጠቀሳቸውን በጣቱ እየቆጠረ ያያል። ጽሑፋችንን የሚገመግሙት የማይታወቁ ሰዎችም ያን ጥናት ሳትጠቅሱ አይሆንም ብለው ይመልሱልናል፤ እኔ ያን ጥናት የጻፈው ማን እንደሆነ አይቼ ገምጋሚዬን እለየዋለሁ። አንዱ ላንዱ ያካል፣ ቁጥሩ ያድጋል።

ታዲያ አንድ ክረምት ተቀምጬ የኛን ጽሑፍ የጠቀሱትን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ። እውነቱን ልናገር፣ ያነሳሳኝ የጋሽ ተክሌን ዝና ለማሳነስ የነበረኝ ጉጉት ነው። ያገኘሁትም አስደሰተኝ። አብዛኞቹ በመግቢያቸው ላይ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጠቅሰው ያልፋሉ። አንዳንዶቹ ጽሑፉን እንዳላነበቡት ከአጠቃቀሳቸው ያስታውቃል፤ ከሌላ ጠቃሽ ላይ ገልብጠውታል። ያንን ሙከራ በገዛ እጁ ደግሞ ያየ ግን አንድ አላገኘሁም። ጠቃሽ ሁሉ ምስክር አይደለም ብዬ ለዘይነባ ነገርኳት። ታዲያ ውጤቱ ልክ አይደለም ማለት ነው? አለችኝ። ተቆጣሁ። ውጤቱማ የኔ እጅ ነው፣ እሱ ምን ይወጣለታል አልኳት።

ጡረታ በወጣሁ በስድስተኛው ወር አንድ ኢሜይል መጣልኝ። ካሪና የምትባል፣ በሌላ ግዛት የዶክትሬት ጥናቷን የምትሠራ ልጅ ናት። ለጋሽ ተክሌና ለእኔ ነው የጻፈችው። ሥራዋ በሙሉ የቆመው በኛ ውጤት ላይ ነው፤ ሦስት ዓመት ሞክራ ግን የሷ ሴሎች ጂኑ ሲዘጋም ይሞታሉ። አማካሪዋ፣ ይህን ያህል ሰው የጠቀሰው ነገር ሊሳሳት አይችልም፣ ስህተቱ ያንቺ እጅ ነው ብሏታል። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ካልሠራላት ቦታዋን ትለቃለች። የድሮ ሴሎቻችን ተቀምጠው እንደሆነ ጠየቀችን። አልተቀመጡም፤ ላብራቶሪው ሲዛወር ተጥለዋል። እኔ ደግሞ ምን አልኩ? ይቺ ልጅ ማን ልኳት ነው? ጡረታ ስወጣ ጠብቃ ለምን ጻፈች? መልስ ሳልሰጥ ተውኩት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስልኬ ላይ የጋሽ ተክሌ ስም መጣ። ለዘመናት ደውለውልኝ አያውቁም። አላነሳሁም። በማግስቱ ደወሉ፤ አላነሳሁም። መልእክትም ተዉ፣ አልሰማሁትም። ዘይነባ ታመው ይሆናል እንጂ አንሳ ትለኛለች። ልጄ ሀናን ደግሞ ከስልኳ ቀና ሳትል «ዳድ፣ ጀስት ኮል ሂም» አለችኝ። እናንተ ይኼን ሰውዬ አታውቁትም አልኳቸው፤ አንቱታዬ ያን ቀን ተነሳች።

ነገሩ የገባኝ ከድሮ ተቋሜ፣ የተጠረጠረ ጥናት ከሚያጣራው የምርምር ታማኝነት ቢሮ፣ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ነው። ካሪና ለነሱም ጽፋለች። እነሱም ከማከማቻ የድሮ ደብተሮችን አውጥተው ሲያዩ፣ በኔ ደብተር ጠርዝ ላይ ሊያነቡት ያልቻሉት ጽሕፈት አግኝተዋል። ገጾቹን ለመጀመሪያው ጸሐፊ፣ ለዶክተር ተክሌ፣ ልከው ትርጉሙን ጠይቀዋል። ለእኔ የጻፉት ለማሳወቅ ያህል ነው። መልሱ የሚጠበቀው ዓርብ ነበር፤ ደብዳቤው የደረሰኝ ረቡዕ።

ምን ጽፌ እንደነበር አላስታወስኩም። ከሃያ ዓመት በላይ ያለፈው ነገር ነው፤ በየገጹ ጠርዝ ስሞነጫጭር ነው የኖርኩት። ጋሽ ተክሌ ግን ያሻቸውን ብለው ሊተረጉሙት እንደሚችሉ ወዲያው ገባኝ። ያን ያህል ዓመት ስሜ እንዳይታይ ሆኖ፣ አሁን ጥፋት ሲፈለግ ሊታይ ነው አልኩ። መኪናዬን አስነስቼ ከምኖርበት ከስካይዌይ እሳቸው ወደሚኖሩበት ወደ ቡሪየን ሄድኩ። በራቸው ላይ ፓርክ አድርጌ የምናገረውን እያሰካሁ አሥር ደቂቃ ተቀመጥኩ። ብዙ ክፉ ቃል አዘጋጅቼ ነበር።

በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው። ሸብተዋል፣ ከስተዋል፤ አንዱ ዓይናቸው አያይም ማለት ይቻላል። ግባ ሰዒድ አሉኝ፤ እኔም ዘልቄ ገባሁ፤ በር ላይ ይቅደሙ የሚል አልነበረም። ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ የደብተሬ ገጽ ቅጂና አንድ ማጉያ መነጽር ተቀምጠዋል።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮል ሳደርግልህ ነበር» አሉኝ።

ስልኬ ተበላሽቶ ነበር ልል አስቤ ተውኩት። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት። ጽሕፈቱን ገና ሳየው አወቅኩት፤ የወጣትነት እጄ ነው፣ ቀጥ ቀጥ ያለ። እንዲህ ይላል፦ «የደካሞቹ ሚዲያ አልቋል፤ አዲሱ ሰኞ ነው የሚመጣው። ከጠንካሮቹ ጠርሙስ ቀዳሁላቸው። ለአንድ ቀን ምን ያመጣል።» ከዚያ ከሦስት ሳምንት በኋላ ባለው ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ ሴሎቹ በጣም በርትተዋል ብዬ ጽፌያለሁ፤ ከሥሩ በደስታ ሁለቴ አስምሬበታለሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ጂኑን የዘጋሁት ከዚያ ሰሃን በተባዙት ሴሎች ላይ ነው። ለማወዳደሪያ ያቆየኋቸው ግን ቀድሜ ለይቼ ያስቀመጥኳቸው፣ ንጹሖቹ ነበሩ። እነሱ ሞቱ፤ ያኞቹ አልሞቱም። ያልሞቱት ጂኑ ስለተዘጋ ሳይሆን ከጠርሙሱ አብሮ የገባ ሌላ ሴል ስለነበሩ ነው። ሩት ሦስት ጊዜ ስታስደግመኝም የደገምኩት ከዚያው ከተበከለው ዘር ነው። ፕላስተር ለጥፈን፣ ቁጥር ሰጥተን፣ ተፈራርመን፣ ሦስት ጊዜ በጥንቃቄ የተሳሳተውን ነገር ልክ አደረግነው።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ይህችን ልጅ ሦስት ዓመት ያንከራተተው የኔ አንድ ጠርሙስ ነው፤ የጻፈችልኝን ኢሜይል እንኳ መልስ ነፍጌዋለሁ።

«ለነሱ ምን አሏቸው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ገና ምንም። ዓይኔ ደክሟል፣ ጊዜ ስጡኝ አልኳቸው።»

አውሮፕላን በጣሪያው ላይ መጣ፤ ኤርፖርቱ ሥር የሚኖረው የቡሪየን ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው እስኪያልፍ ጠበቁ። ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱኝ። መጀመሪያ ያሰቡት ሚዲያውን ያደባለቁት እሳቸው ራሳቸው እንደሆኑ አድርገው ሊጽፉ ነበር። ስማቸው ፊት ሆኖ ምስጋናውን ስለበሉ፣ ወቀሳ ሲመጣ ወደ ኋላ መሸሽ አያምርም ብለው። ደብዳቤውን ጽፈው ጨርሰው ነበር፤ አሳዩኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ክፉ ቃል ሳዘጋጅ እሳቸው የኔን ጥፋት በስማቸው አስቀምጠዋል።

«ታዲያ ለምን አልላኩትም?»

«ውሸት ነዋ፣ ሰዒድ። ያቺ ልጅ ከአንድ ስህተት ተገላግላ ሌላ ውሸት ላይ ትቁም? እኔ ልሸፍንህ እችላለሁ። ግን ያንተ እጅ ነው፣ አንተ ተናገር።»

የመጣሁበት ባይሆንም፣ ስለዚያ የተዘጋ በር ጠየቅኳቸው። ሩት ጋ ገብተው ምን እንዳሏት። ለማስታወስ አፍታ ወሰደባቸው። ኮሪደር ላይ ያልከውን ቤቴ ሄጄ ሳስበው የአገራችን ይቅደሙ መሆኑ ገባኝ አሉ፤ አሜሪካ ቆይቼ ረስቼው ነበር። ስሙን ገልብጪው፣ ሰዒድ ይቅደም ብዬ ለመንኳት። እሷ ግን ራሱ በአፉ ሰጥቶሃል፣ እሱ ካልመጣ አልነካውም አለች። እኔም ላሳፍርህ አልፈልግም ብዬ ዝም አልኩ፤ ፊትህንም ማየት ከበደኝ።

እንግዲህ ሩት የለችም፤ የሚያረጋግጥ ሰው የለም። ግማሽ ልቤ አሁንም ይኼ በኋላ የተሰፋ ነው ይለኛል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ደብዳቤ ግን በፊት የተጻፈ ነበር፤ እኔ ሳልመጣ፣ ስልካቸውን ሳላነሳ የተጻፈ። ተነስቼ ጉልበታቸውን ልይዝ ስል ገፍተው አስቀመጡኝና ላፕቶፓቸውን ከፈቱልኝ።

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ የደብተሬን ሦስት መስመር ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ለአንድ ቀን ምን ያመጣል የሚለውንም አልተውኩም። ያደረግኩት እኔ ብቻ እንደሆንኩ፣ ዶክተር ተክሌም ሆኑ ሩት እንደማያውቁ፣ በአማርኛ የጻፍኩትም ሰው እንዳያነብብኝ እንደሆነ ጨምሬ ፈረምኩ። ጋሽ ተክሌ በማጉያው አንድ በአንድ አነበቡትና አንድ የተሳሳትኩትን ቃል አርመው መለሱልኝ። ላክነው። ለካሪናም ላክንላት።

ጥናቱን ያሳተመው መጽሔት ጽሑፉን ስህተት ነው ብሎ ሰረዘው። ግድግዳው ላይ በርቶ የነበረው ቁጥሬ ከግማሽ በታች ወረደ። የድሮ አለቃዬ በጠራራ ፀሐይ እንደተዘረፈ ሰው ጮኸብኝ፤ የሱም ቁጥር በኛ ውጤት ላይ በሠራቸው ጥናቶች የቆመ ነበርና። አንዳንድ የድሮ ባልደረቦቼ ሰላምታቸውን አሳጠሩ። ሀናን ግን የፈረምኩትን ደብዳቤ አንብባ ራሴን ሳመችኝ።

አንድ ጠዋት ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ያኔ እንኳ ማን ይሆን ብዬ ለጥቂት ጊዜ ስልኩን አየሁት፤ ከዚያ አነሳሁት። ካሪና ነበረች። አማካሪዋ ይቅርታ እንደጠየቃት፣ ቦታዋም እንዳልተነካ ነገረችኝ። ሴሎቿ እንደሚሞቱ አሁን በስሟ ልትጽፈው ነው። ከዚያ ድምፅዋ ተቆራረጠ፤ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ አልኩ። እያለቀሰች ነበር።

«ሦስት ዓመት ሙሉ የጠረጠርኩት የራሴን እጅ ነበር» አለችኝ።

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ከዚያ፣ ብዋሻት የምታውቀው ነገር ባይኖርም፣ እውነቱን ነገርኳት፦ እኔ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሳሙናውንም፣ እንግዳውንም፣ ጋሽ ተክሌንም፣ አንቺንም ጠርጥሬያለሁ፤ የራሴን እጅ ግን አንድም ቀን አልጠረጠርኩም።